ሕጉ አለ፤ ልጁ የት ሄዶ ይናገር?

አንድ የ14 ዓመት ልጅ እንበል። ቴሌግራም ላይ የማያውቀው ሰው ያናግረዋል። ሰውየው የመጣው በሴት ልጅ ስምና ፎቶ ነው። ሁለት ሦስት ቀን ስለ ኳስ፣ ስለ ትምህርት ቤት ያወራሉ። ከዚያ ፎቶ ይጠየቃል። ልጁም ይልካል። ወዲያው ነገሩ ሌላ ይሆናል፤ «ብር ላክ፣ አለበለዚያ ለቤተሰቦችህና ለክፍል ጓደኞችህ በሙሉ እለቀዋለሁ» የሚል መልእክት ይመጣል። ከሥሩ የጓደኞቹ ስም ተደርድሯል።

ይህ ልጅ አሁን የት ይሂድ?

ለእናቱ እንዳይነግር ያፍራል። ለአባቱ እንዳይነግር ዱላውን ይፈራል። ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ደግሞ ጭራሽ አይታሰበውም። ስለዚህ ክፍሉን ዘግቶ ብቻውን ይጨነቃል። በአሜሪካ የጠፉና የተበዘበዙ ሕፃናት ብሔራዊ ማዕከል እንዳስታወቀው፣ ከ2021 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲህ ዓይነት ማስፈራሪያ ከደረሰባቸው በኋላ ሕይወታቸውን ያጠፉ ወንዶች ታዳጊዎች ቢያንስ 36 ናቸው። አብዛኞቹ ለማንም ሳይናገሩ ነው ያለፉት ብል ማጋነን አይመስለኝም፤ ወንጀሉ የሚሠራው በዝምታ ነውና።

መንግሥታት በዚህ ጉዳይ ብዙ ይላሉ። አዋጅ ያወጣሉ፣ ኮሚቴ ያቋቁማሉ፣ ስብሰባ ይጠራሉ። እኔ ግን ሁሉንም የምመዝነው በአንድ ነገር ነው። ልጁ ስልኩን ይዞ ከተቀመጠበት ክፍል ተነስቶ፣ ሳይሰደብና ሳይመታ፣ ሊረዳው የሚችል ሰው ጋ የሚደርስበት መንገድ ተሠርቷል ወይ? ይህ መንገድ ከሌለ የቅጣቱ ዓመት 10 ሆነ 20 ለልጁ ምንም አይፈይድለትም።

«ይሄ የፈረንጅ ሀገር ጣጣ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። አይደለም። ዩኒሴፍ፣ የሕፃናትን ወሲባዊ ብዝበዛ የሚታገለው ኤክፓትና ኢንተርፖል በ13 አገሮች በጋራ ያካሄዱት ጥናት ኢትዮጵያን ያካተተ ነበር፤ ውጤቱም በ2022 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። ከ12 እስከ 17 ዓመት ካሉ ኢንተርኔት ተጠቃሚ ልጆች 10 በመቶ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ግልጽ የሆነ የኦንላይን ወሲባዊ ብዝበዛ ወይም ጥቃት ደርሶባቸዋል። በሕዝብ ብዛት ሲሰላ ወደ 300 ሺህ ልጆች ማለት ነው። ያ እንግዲህ ሳፋሪኮም ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ዳታ እንዲህ ሳይስፋፋ፣ ቲክቶክ በየቤቱ ሳይገባ በፊት የተሰበሰበ መረጃ ነው። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ያለው ልጅ ቁጥር ከዚያን ጊዜው ጋር አይወዳደርም።

ከዚሁ ጥናት አንድ ነገር ልጨምር። ጥናቱ በተካሄደባቸው አገሮች በጥቅሉ ሲታይ ጥቃት አድራሹ አብዛኛውን ጊዜ ልጁ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ነው። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የወንድ ወይም የሴት ጓደኛ። እኛ ግን ልጆቻችንን የምንመክረው «የማታውቀውን ሰው አታውራ» ብለን ብቻ ነው። ምክሩ ክፉ አይደለም፣ ግን ግማሹን ነው የሚነካው። ፖሊስ ጋ የሚደርሰው ደግሞ ከሁሉም ጥቂቱ ነው። ልጆቹ ቢናገሩ ለጓደኛ ነው፤ ብዙዎቹም ለማንም አይናገሩም።

ወደ ሕጉ እንምጣ።

ኢትዮጵያ ሕግ የላትም የሚል ካለ ተሳስቷል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። አንቀጽ 12ን አንብቡት። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ግልጽ በሆነ ወሲባዊ ድርጊት የሚያሳይ ምስል ወይም ቪዲዮ በኮምፒውተር ሥርዓት ያዘጋጀ፣ ያስተላለፈ፣ የሸጠ፣ ያሰራጨ ወይም ያለ ፈቃድ ይዞ የተገኘ ሰው ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ልጅን በወሲባዊ ንግግር፣ ምስል፣ መልእክት ወይም ቪዲዮ ለወሲብ ያነሳሳ ወይም የመለመለ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ዓመት። ልብ በሉ፣ የማማለሉ መነሻ ቅጣት ከምስሉ ይከብዳል። አርቃቂዎቹ አስበውበታል፤ ጥፋቱ ገና ሲጠነሰስ ለመያዝ ፈልገዋል።

ሌላም አለ። አንቀጽ 24 አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች የትራፊክ ዳታ (ማን ከማን ጋር መቼ እንደተገናኘ የሚያሳይ መረጃ) ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። አንቀጽ 27 ወንጀሉን ያወቀ አገልግሎት ሰጪ ወይም የመንግሥት አካል ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢንሳ) ወዲያው እንዲያሳውቅና ለፖሊስ ሪፖርት እንዲያደርግ ያስገድዳል። አንቀጽ 16 ደግሞ ሕገወጥ መሆኑን እያወቀ ይዘቱን ያላነሳ አገልግሎት ሰጪ ራሱ ተጠያቂ ይሆናል ይላል። ከዚህ በላይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛም ሆነ ከሌላ ጎጂ ድርጊት እንዲጠበቁ ደንግጓል። የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ሀገሪቱ በ1991 እ.ኤ.አ.፣ ስለ ሕፃናት ሽያጭ፣ ሴተኛ አዳሪነትና ወሲባዊ ምስል የሚደነግገውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች።

ታዲያ ምን ጎደለ?

መጀመሪያ፣ አንቀጽ 12 ልጁን ራሱን ከወንጀለኛው አይለይም። የ16 ዓመት ልጅ የራሷን ፎቶ አንስታ ለምትወደው ልጅ ብትልክ፣ በአንቀጹ ቃል ብቻ ከሄድን አዘጋጅታለች፣ ይዛለች፣ አስተላልፋለች። በወንጀል ሕጋችን ደግሞ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ፣ ቅጣቱ ሊቀልለት ቢችልም፣ በመደበኛው ሕግ ሊጠየቅ ይችላል። ማንም ዐቃቤ ሕግ እንዲህ ዓይነት ክስ አያቀርብም እንበል። ይሁን። ግን አስፈራሪው ይህን ያውቃል። «ፖሊስ ጋ ብትሄጂ የምትታሰሪው አንቺ ነሽ» ለማለት ይመቸዋል። ሕጉ በግልጽ «ልጁ አይጠየቅም» ብሎ ቢጽፍ ይህ ማስፈራሪያ ጥርስ ያጣል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው፣ በቀጣዩ ዓመት ጥቅምት ላይ ሃኖይ ውስጥ ለፊርማ የቀረበው የሳይበር ወንጀል ስምምነት አገሮች ልጆች ራሳቸው ያነሱትን ምስል ከወንጀል ውጭ እንዲያደርጉ በር ከፍቷል። አዋጁን ለማሻሻል ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝም።

ሁለተኛ፣ በፎቶ የማስፈራራቱ ነገር። ከላይ የጠቀስኩት ልጅ ላይ የተፈጸመው ዋና ግፍ ማስፈራራት ነው። አዋጁ ማስፈራራትን የሚያነሳው በአንቀጽ 13 ነው፤ ቅጣቱም እስከ 3 ዓመት ቀላል እሥራት፣ ከባድ ሲሆን እስከ 5 ዓመት ጽኑ እሥራት። ተጎጂው የ40 ዓመት ሰው ሆነ የ12 ዓመት ልጅ አንቀጹ አይለይም። ጎበዝ ዐቃቤ ሕግ አንቀጽ 12ን ጨምሮ ሊከስ ይችላል፣ ልክ ነው። ግን ሕጉ የልጅን ነገር ለዐቃቤ ሕግ ጉብዝና መተው አልነበረበትም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። አንቀጽ 27 የሚያዘው አገልግሎት ሰጪን ነው። ቀድመው የሚታሰቡን ቴሌ እና ሳፋሪኮም ናቸው። እነሱ ግን በመስመራቸው ውስጥ የሚያልፈውን ምስል አያዩም፤ ተመስጥሮ ነው የሚያልፈው። የሚያየው እንደ ፌስቡክ፣ ቲክቶክ ወይም ቴሌግራም ያለው መድረክ ነው። መድረኩ ደግሞ ያለው ካሊፎርኒያ፣ ሲንጋፖር ወይም ዱባይ ነው። የወረዳ መርማሪ ለነዚህ ድርጅቶች ደብዳቤ ጽፎ መልስ እስኪያገኝ አካውንቱ ተዘግቶ፣ ሰውየው ስሙን ቀይሮ ሌላ ልጅ ይዟል።

እዚህ ላይ የአሜሪካንን አሠራር ማወቅ ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ወደድንም ጠላንም የእኛም ልጆች ጉዳይ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። በአሜሪካ ሕግ አንድ ኩባንያ በመድረኩ ላይ የሕፃናት ወሲባዊ ጥቃት ምስል መኖሩን ካወቀ ለዚያ ብሔራዊ ማዕከል ማሳወቅ ግዴታው ነው። ፈልጎ የማግኘት ግዴታ ግን የለበትም። ግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ልጆችን ማማለልንና ለወሲብ ማዘዋወርንም ሪፖርት እንዲያደርጉ፣ ማስረጃውንም ከ90 ቀን ይልቅ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ አስገድዷል። ማዕከሉ በ2023 ብቻ 36.2 ሚሊዮን ሪፖርት ደርሶታል። በ2024 ቁጥሩ ወደ 20.5 ሚሊዮን ወርዷል። መውረዱ ግን የምሥራች አይደለም። በከፊል ተመሳሳይ ሪፖርቶች አንድ ላይ መጠቅለል በመጀመራቸው ነው፤ በከፊል ደግሞ ሜታ ከታኅሣሥ 2023 ጀምሮ ሜሴንጀርን ከጫፍ እስከ ጫፍ (ላኪና ተቀባይ ብቻ እንዲያዩት አድርጎ) ስለመሰጠረው ኩባንያው ራሱ የማያየው ነገር በዝቷል። በዚያው ዓመት ልጆችን በኦንላይን ስለማማለል የደረሱት ሪፖርቶች ግን ከ546 ሺህ በላይ ሆነዋል፤ ከቀደመው ዓመት ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ።

ኩባንያዎቹ ምስሉን እንዴት ያገኙታል? ማይክሮሶፍት ከዳርትመዝ ኮሌጅ ጋር በ2009 እ.ኤ.አ. የሠራው ፎቶ ዲኤንኤ የሚባል ቴክኖሎጂ አለ። አንድ የታወቀ የጥቃት ምስል እንደ ጣት አሻራ ያለ የቁጥር መለያ ይወጣለታል። ምስሉ መጠኑ ቢቀየር፣ ቀለሙ ቢደበዝዝ፣ መለያው ይገጥማል። ሌላ ሰው መልሶ ሲጭነው ወዲያው ይያዛል። ድክመቱም ግልጽ ነው። ገና ዛሬ የተነሳ ፎቶ አሻራው የለም። ቀጥታ በቪዲዮ የሚፈጸም ጥቃትም እንደዚያው።

አብዛኛው ሪፖርት የሚነካው ከአሜሪካ ውጭ ያሉ ሰዎችን ነው። አድራሻው አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ የሆነ ሪፖርት ሲመጣ ውስጡ የኢንተርኔት አድራሻ፣ ኢሜይል፣ አንዳንዴ ስልክ ቁጥር ይኖራል። በአንድ ሰው ላይ ምርመራ ለመጀመር ከበቂ በላይ ነው። ሲም ካርድ በመታወቂያ በሚወጣበት ሀገር ደግሞ ይበልጥ። ዋናው ጥያቄ ሪፖርቱ ሲደርስ ማን ይከፍተዋል የሚለው ነው። ኬንያ በወንጀል ምርመራ ዳይሬክቶሬቷ ሥር የሰዎችን ዝውውርና የሕፃናትን ጥበቃ የሚይዝ ክፍል አቁማለች። እኛ ጋ ኢንሳ አለ፣ ፌዴራል ፖሊስ አለ፣ ፍትሕ ሚኒስቴር አለ፣ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር አለ። እስቲ አንድ ወላጅ አስቁማችሁ «ልጅህን በፎቶ ቢያስፈራሩት የትኛው ቢሮ፣ በየትኛው ቁጥር ትደውላለህ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሁሉም ሥራ ሲሆን የማንም ሥራ አይሆንም።

ስለ ቴሌግራም ለብቻው ልበል፤ እኛ ሀገር ከዜና እስከ ገበያ ሁሉም ነገር እዚያ ነውና። ቴሌግራም ለዓመታት የሕፃናት ጥቃት ምስል ከሚከታተሉ ተቋማት ጋር ለመሥራት ፈቃደኛ አልነበረም። ነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. መሥራቹ ፓቬል ዱሮቭ ፈረንሳይ ውስጥ ተያዘ፤ ከተመሠረቱበት ክሶች መካከል በመድረኩ ለሚሰራጨው የሕፃናት ጥቃት ምስል ተባባሪ መሆን ይገኝበታል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ቴሌግራም የብሪታንያው ኢንተርኔት ዎች ፋውንዴሽን አባል ሆነ። ለዓመታት የተለመነው በአራት ወር ውስጥ ሆነ ማለት ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። የቴሌግራም ተራ ቻት፣ ግሩፕና ቻናል ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተመሰጠረም፤ ከቻቶቹ እንዲያ የሆነው «ሲክሬት ቻት» የሚባለው ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ግሩፕ ውስጥ የልጆች ቪዲዮ ሲሸጥ ኩባንያው «አይታየኝም» ሊል አይችልም።

ኢትዮጵያ ደግሞ ይህን መድረክ ከየካቲት 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከፌስቡክ፣ ከቲክቶክና ከዩቲዩብ ጋር ለወራት ዘግታው ነበር፤ ለሕፃናት ተብሎ ግን አይደለም፣ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተፈጠረው ውዝግብ ሳቢያ ነው። ትዝ ይለናል፣ ሕፃን አዋቂው ቪፒኤን መጠቀም ለመደ። ይህን የማነሳው ሁለት ነገር ስለሚያስረዳ ነው። መንግሥት ሲፈልግ መድረክ መዝጋት አያቅተውም፤ መዝጋት ግን ልጅን አይጠብቅም። ልጆቹ ምንጩ ባልታወቀ ነጻ ቪፒኤን ተሻግረው እዚያው ይገናኛሉ። ደግሞም ስጋቴን አልደብቅም። «ለልጆች ደኅንነት» የሚለው ቃል የሁሉንም ሰው ቻት ለመበርበር ፈቃድ እንዳይሆን እፈራለሁ። የልጅ ጉዳይ የተለየ ክፍል፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የሚሠራ፣ በዓመት ስንት ጥቆማ ደርሶት ስንቱን ለፍርድ እንዳቀረበ በይፋ የሚናገር ቢሆን ግን ሰው ያምነዋል።

ብሪታንያና አውስትራሊያ በቅጣት ነው የሄዱት። የብሪታንያ የኦንላይን ደኅንነት ሕግ በ2023 ወጥቶ ሕገወጥ ይዘትን የሚመለከተው ክፍል ከመጋቢት 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ ግዴታውን ያልተወጣ ኩባንያ እስከ 18 ሚሊዮን ፓውንድ ወይም የዓለም አቀፍ ገቢውን 10 በመቶ፣ የሚበልጠውን ሊቀጣ ይችላል። አውስትራሊያ ከታኅሣሥ 10 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ዋና ዋናዎቹ ማኅበራዊ ሚዲያዎች ላይ አካውንት እንዳይኖራቸው ከልክላለች። ኢትዮጵያ ብቻዋን ሜታን ወይም ቲክቶክን እንዲህ ልታስፈራራ አትችልም። የአፍሪካ ኅብረት ግን ይችላል። ታኅሣሥ 2019 እ.ኤ.አ. ሕፃናትን ከኦንላይን ወሲባዊ ብዝበዛ ስለመከላከል የተጠራው ዓለም አቀፍ ጉባኤ እዚሁ አዲስ አበባ፣ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ነበር የተካሄደው። በ2024 ደግሞ ኅብረቱ የሕፃናት የኦንላይን ደኅንነት ፖሊሲ አጽድቋል። ሰነዱ አለ፤ ኩባንያዎቹን ጠርቶ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በስዋሂሊ፣ በሐውሳ የሚመጣ ጥቆማ የሚያነብ ስንት ሰው ቀጥራችኋል ብሎ የሚጠይቅ ነው የሚያስፈልገው።

እኔ ከሁሉም ልምድ እንወስዳለን የምለው ከፊሊፒንስ ነው። ሀብታም አገር አይደለችም፤ ሕዝቧ በሥራ ፍለጋ የተበተነ፣ ብዙ ቤተሰብ ከውጭ በሚላክ ገንዘብ የሚተዳደርባት አገር ናት። ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም። እዚያ የተስፋፋው ወንጀል በውጭ ያለ ሰው ገንዘብ እየላከ በልጅ ላይ ጥቃት ሲፈጸም በቀጥታ ቪዲዮ የሚያይበት ነው። አድራጊው ብዙ ጊዜ የልጁ የቅርብ ዘመድ ነው። ኢንተርናሽናል ጀስቲስ ሚሽን የተባለ ግብረ ሰናይ ድርጅት ከኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ጋር ባካሄደው ጥናት በ2022 ብቻ ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ለዚህ ተዳርገዋል። አገሪቱ በ2019 የራሷን ፖሊሶች ከአውስትራሊያና ከብሪታንያ መርማሪዎች ጋር ያስቀመጠ ማዕከል አቋቋመች። በ2022 ደግሞ ሪፐብሊክ አክት 11930 የተባለውን ሕግ አወጣች። የሕጉ ብልሃት ገንዘቡን መከተሉ ነው። ባንክና ገንዘብ አስተላላፊ ድርጅት አጠራጣሪ ክፍያ ሲያይ እንዲያሳውቅ ግዴታ አለበት። ትንንሽ ገንዘብ፣ ደጋግሞ፣ ከውጭ አገር ካለ አንድ ሰው፣ ዝምድና ለሌላቸው ለተለያዩ ሰዎች ሲላክ ምልክት ነው።

አሁን ወደ እኛው ቴሌብር እንምጣ። አስፈራሪው «ብር ላክ» ሲል አካውንት ቁጥር ይሰጣል። ስሙ ሐሰት፣ ፎቶው ሐሰት ሊሆን ይችላል። ገንዘቡ የሚገባበት ቁጥር ግን አንድ ቦታ በአንድ ሰው መታወቂያ ተመዝግቧል። በተዋሰው ስም ቢሆን እንኳ ያ ሰው ለማን እንዳዋሰ ይጠየቃል። ከምስሉ ይልቅ ገንዘቡን ተከትሎ መያዝ ይቀላል፤ የካሊፎርኒያን ደብዳቤ መጠበቅም አያስፈልግም። ባንኮቻችንና የሞባይል ገንዘብ ድርጅቶች ለማጭበርበር ጥቆማ የሚቀበሉበት መስመር አላቸው። እዚያው ላይ «ልጅ በፎቶ እየተገደደ ነው» የሚል ጥቆማ ሲመጣ ሒሳቡ በሰዓታት ውስጥ እንዲታገድና ለፖሊስ እንዲተላለፍ መመሪያ ማውጣት ይቻላል። ለዚህ አዲስ አዋጅም፣ ብዙ በጀትም የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ስለ እኛ ስለ ሕዝቡ ደግሞ አንድ ሳልናገር ማለፍ የማልፈልገው ነገር አለ። በልጅ ላይ የተፈጸመ ግፍ በቪዲዮ ሲወጣ ምን እናደርጋለን? «ይሄን አረመኔ ሼር በማድረግ አጋልጡ» እንላለን። በአንድ ቀን በመቶ ግሩፕ ይዞራል። ቁጣችን እውነተኛ ነው፣ አልጠራጠርም። ግን እያንዳንዱ ሼር ያቺን ልጅ እንደገና ያጋልጣታል። ነገ ትምህርት ቤት ስትሄድ የክፍሏ ልጆች ቪዲዮውን በስልካቸው ይዘውታል። ለማጋለጥ ብሎ ያሰራጨም፣ በክፋት ያሰራጨም፣ አንቀጽ 12 ፊት ሁለቱም አሰራጭተዋል። ጋዜጠኛ ነን የሚሉ የዩቲዩብ ቻናሎችም ፊቷን ሳይሸፍኑ፣ ወይም ፊቷን ሸፍነው እናቷን፣ ሰፈሯንና ትምህርት ቤቷን እያሳዩ ዘገባ ይሠራሉ። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ከደረሳችሁ መልእክቱን ተጭናችሁ «ሪፖርት» በሉት፤ ቴሌግራም ላይ የሕፃናት ጥቃትን የሚመለከት ምርጫ አለ። የግሩፑን ስምና ሊንክ ለፖሊስ ስጡ። ቪዲዮውን ግን ለማንም አትላኩ፣ «እይው» ብላችሁም አታሳዩ።

ልጁ ተደፋፍሮ ቢናገርስ ምን ይጠብቀዋል? በጎ ጅምር አለ። በአዲስ አበባ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው፣ ፖሊሱና ዐቃቤ ሕጉ በአንድ ቦታ የሚገኙበት ማዕከል ተከፍቷል፤ በሌሎች ከተሞችም ተመሳሳይ አሉ። በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ልጆች ተከሳሹን ሳያዩ ከተለየ ክፍል ሆነው በቪዲዮ የሚመሰክሩበት ችሎት አለ። ይህን የሠሩ ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ግን ሥርዓቱ የተሠራው አካላዊ ጥቃት የደረሰበትን ልጅ ታሳቢ አድርጎ ነው። አካሉ ያልተነካ፣ ጉዳቱ በሙሉ ስልኩ ውስጥ ያለ ልጅ ተራ ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ ወረፋ በሞላበት ክፍል፣ ሰው እየሰማ «ምን ልከህ ነው? ለምን ላክህ?» ሊባል ይችላል። ያቺ «ለምን ላክህ?» የምትል ጥያቄ ልጁን መልሳ ወደ ዝምታው ትከተዋለች። መርማሪው መጠየቅ ያለበት «ማን ነው? በምን ስም ነው የሚያወራህ? ብር በየት ላክ አለህ?» ነው። ይህን ለማስተካከል ሥልጠናና አንድ የተዘጋ ክፍል ይበቃል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ (ኤአይ) ደግሞ ነገሩን እያባሰው ነው። ከኤአይ ጋር የተያያዙ ለአሜሪካው ማዕከል የደረሱ ሪፖርቶች በ2023 ወደ 4,700 ነበሩ፤ በ2024 ወደ 67,000 አሻቀቡ። ከአንድ ተራ የትምህርት ቤት ፎቶ የሐሰት እርቃን ምስል ይሠራል። ስለዚህ «ፎቶ አልላክሁም» ያለች ልጅም ልትያዝ ትችላለች። እዚህ ላይ አዋጃችን ሳያስበውም ቢሆን ይረዳል፤ አንቀጽ 12 «ለአካለ መጠን ያልደረሰ የሚመስል ሰው» የሚያሳይ ምስልንም ይጨምራልና። ብሪታንያ ከዚህ አልፋ ምስሉን የሚሠራውን መሣሪያ ራሱን መያዝ ወንጀል ወደማድረግ ሄዳለች።

መንግሥት እስኪያስተካክል ግን ወላጆች ዛሬ ማታም ሊገጥማቸው ይችላል። ስለዚህ ይህን ያዙ። ልጁ ከነገራችሁ አትጩሁበት፤ መጀመሪያ «ስለነገርከኝ ጎበዝ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» በሉት። ብር አትላኩ፤ አንዴ የተከፈለው ሰው ተመልሶ ይመጣል እንጂ አይቆምም። ቻቱን አታጥፉ። የማስፈራሪያውን ጽሑፍ፣ የተጠቃሚ ስሙን፣ የአካውንት ቁጥሩንና ሰዓቱን ስክሪንሾት አድርጉ፤ የልጁን ምስል ግን አትቅዱ፣ ለማንም አታስተላልፉ። ከዚያ ሰውየውን ሪፖርት አድርጋችሁ አግዱት። ብር ተልኮ ከሆነ ለባንኩ ወይም ለቴሌብር ወዲያው ደውሉ። ፖሊስ ጋ ስትሄዱ የሕፃናትና ሴቶች ጉዳይ መርማሪን ጠይቁ፣ በተዘጋ ክፍል እንዲሰማም በትሕትና ግን አጥብቃችሁ ጠይቁ።

ምስሉ እንዳይሰራጭ ደግሞ «ቴክ ኢት ዳውን» የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ። ያ የአሜሪካ ማዕከል ከየካቲት 2023 ጀምሮ የሚያንቀሳቅሰው ነው፤ ከየትኛውም አገር መጠቀም ይቻላል፣ ስምም አይጠይቅም። ምስሉ ከልጁ ስልክ አይወጣም። እዚያው ስልኩ ላይ የቁጥር መለያው ብቻ ተሠርቶ እንደ ፌስቡክ፣ ኢንስታግራም፣ ቲክቶክና ስናፕቻት ላሉ ተሳታፊ መድረኮች ይላካል፤ እነሱም ሲያገኙት ያነሱታል። ቴሌግራም ላይ የተለቀቀውን በዚህ አትጠብቁ፤ እሱን በሪፖርት ነው የምትከታተሉት። ብሪታንያ የምትኖሩ «ሪፖርት ሪሙቭ» የተባለውን የቻይልድላይን አገልግሎት፣ አሜሪካ የምትኖሩ የማዕከሉን «ሳይበርቲፕላይን» መጠቀም ትችላላችሁ። ሀገር ቤት ያለን የእህት የወንድም ልጅ በእንግሊዝኛው ቅጽ መርዳትም ከዚያው ሆናችሁ፣ በስልክ፣ በአንድ ምሽት የሚያልቅ ሥራ ነው።